«ስለ ሰው መማር እፈልጋለሁ» ላለ ተማሪ፦ የትኛውን ዲፓርትመንት?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ቤቴ እንግዳ አያጣም። ለብዙ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ስለዚህ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ታናናሾቻቸው፣ የጎረቤት ልጆች ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ቲቸር፣ ምን ልሙላ?»

አምና የመጣችው ልጅ ግን ለየት ያለ ነገር ይዛ መጣች። «እኔ ስለ ሰው መማር ነው የምፈልገው። ስለዚህ ሜዲሲን ነው አይደል?» አለችኝ። እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

መልሱ አዎ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ሰውን የሚያጠናው ሕክምና ብቻ አይደለም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አሉ። ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ አሉ። የሕብረተሰብ ጤና አለ፣ አርኪዮሎጂ አለ፣ ታሪክ አለ። ሁሉም «ሰው» ይላሉ፤ ግን አንዱ የሚያየው ለሌላው አይታየውም። ያን ዕለት ለልጅቷ በቃል ያስረዳኋትን ነው አሁን ሰብሰብ አድርጌ የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። የትምህርቱን ስም ለጊዜው ተዉትና ውስጣችሁ የሚመላለሰውን ጥያቄ ፈልጉ። ስለ ሰው ስታስቡ የሚከነክናችሁ ምንድን ነው? ልብ እንዴት እንደሚመታ ነው? ሰው እያወቀ ለምን እንደሚሳሳት ነው? የአንድ ሰፈር ሰው ለምን በአንድ በሽታ እንደሚጠቃ ነው? ወይስ ከየት እንደመጣን? እነዚህ አራት ጥያቄዎች አራት የተለያዩ ክፍሎች ውስጥ ያስገቧችኋል።

አንድ በርጫ፣ ስምንት ዓይን

ልዩነቱን ለማሳየት ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ልውሰድ። ድሬም ሐረርም ያደገ ልጅ ጫት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። አንድ ሰውዬ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ትራስ ተደግፏል። ከአወዳይ የጫት ገበያ የመጣች እስር አጠገቡ ናት። ውኃ አለ፣ ለውዝ አለ። ቀንበጡን እየለየ ይቅማል። ጉንጩ ቀስ በቀስ ያብጣል።

የፊዚዮሎጂ ተማሪ የሚያየው ጉንጩን፣ ልቡንና የደም ሥሩን ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን በአፍ ውስጥ ስስ ሽፋንና በጨጓራ በኩል ወደ ደም ይገባል። ከዚያ የነርቭ ጫፎች ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን ኬሚካሎች እንዲለቁ ያደርጋል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ጥያቄው «ሰውነቱ ውስጥ አሁን ምን እየሠራ ነው?» የሚል ነው። ሰውዬው ስሙ ማን ይሁን፣ ከማን ጋር ይቀመጥ፣ እዚህ ጥያቄ ውስጥ አይገባም።

የፋርማሲ ተማሪ ቅጠሉን ያነሳል። ጫት ለምን ትኩስ መሆን አለበት? ለምን በእርጥብ ነገር ተጠቅልሎ፣ መኪና እየበረረ ይደርሳል? ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። ካቲኖን ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ ካቲን ወደተባለ ደካማ ነገር ይለወጣል። ካቲን ቀደም ብሎ ታውቆ ነበር። ካቲኖን ግን ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። አጥኚዎች ለረጅም ጊዜ በእጃቸው የነበረው ደረቅ ቅጠል ነበርና ዋናው ነገር አምልጧቸው ቆየ። የአወዳይ ነጋዴ ይህን በኬሚስትሪ ስሙ ባይጠራውም በሥራው ያውቀዋል። የሚሮጠው ለዚህ ነው።

ሳይኮሎጂ የሚጀምረው ሰውዬው «ከነገ ጀምሮ እተዋለሁ» ሲል ነው። ይህን ስንት ጊዜ ብሏል? ሀራራ ሲመጣ ትኩረቱ ምን ይሆናል? ምርቃና ላይ የታቀደ ቤት፣ የተከፈተ ድርጅት ጠዋት የት ይሄዳል? ሌሊት ዱካክ ሲጫነው ምን ያያል? ሳይኮሎጂስት እነዚህን በወሬ አይተዋቸውም። መጠይቅ ያዘጋጃል፣ የማስታወስና የትኩረት ፈተና ይሰጣል፣ የሚቅሙትን ከማይቅሙት ጋር ያነጻጽራል። ዘርፉ ራሱን የቻለ የላቦራቶሪ ሳይንስ የሆነው ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመን ላይፕሲሽ ከተማ ላቦራቶሪ ከከፈተ ወዲህ ነው። ገና ወጣት ሳይንስ ነው ማለት ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ የሚምታታበትን ነገር ላጥራ። ሳይኮሎጂና ሳይካትሪ አንድ አይደሉም። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው። መጀመሪያ ሜዲሲን ተምሮ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደርጋል፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት በዋናነት በንግግር፣ በምዘናና በምክር ይሠራል። «ሳይኮሎጂ ተምሬ የአእምሮ ሐኪም እሆናለሁ» ብሎ የገባ ልጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያዝናል። እንዲህ ያዘኑ አውቃለሁ።

ሶሲዮሎጂስቱ ሰውዬውን ትቶ ከተማውን ያያል። ስንት ሰው ይቅማል? ሥራ አጥነትና በርጫ ምን ያገናኛቸዋል? ከቤት ወጪው ስንት እጁ እዚያ ይሄዳል? ገበያውን በአብዛኛው የያዙት ሴቶች መሆናቸው በቤት ውስጥ የወሳኝነት ድርሻቸውን ቀይሮታል? አንድ ሰው ለሶሲዮሎጂ ብዙ አይነግረውም። ሺህ ሰው ሲሆን ግን መልክ ይወጣዋል።

አንትሮፖሎጂስቱ ደግሞ ጫማውን አውልቆ ይገባና ከሰዎቹ ጋር ይቀመጣል። አንድ ቀን ሳይሆን ለወራት። ማን የት ይቀመጣል? ማን መርቆ ይጀምራል? ወሬው መቼ ይደምቃል፣ መቼ ዝም ይባላል? ያው ቅጠል ለአንዱ ሽማግሌ የዱዓ አጋዥ ነው። ለገበሬው የእርሻ ጉልበት ነው። ለተማሪው የፈተና ሌሊት ጓደኛ ነው። ኢጃበና (የጠዋት ቅሚያ) እና ጨብሲ (የምርቃና መስበሪያ) የሚሉት ቃላት ምን ዓይነት ኑሮ ይዘዋል? ይህን ለማወቅ ቋንቋ መልመድ ግድ ነው። እኛ ጋ ደግሞ አንድ ቋንቋ አይበቃም። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ፣ አማርኛ በአንድ ግቢ ይሰማሉ። ይህ ለሌላው አጥኚ ፈተና ነው። ለድሬ ልጅ ግን ሰፈሩ በነፃ የሰጠው ሀብት ነው።

የታሪክ ሰው ቅጠሉ ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንዳለ ይጠይቃል። ስለ ዐፄ አምደ ጽዮን ዘመቻ በተጻፈው የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዜና መዋዕል ውስጥ ጫት ተጠቅሷል። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ደርሶ ድሬዳዋ ስትቆረቆር የሐረርጌ ምርት ሁሉ መንገዱ ተለወጠ። የኢኮኖሚክስ ሰው ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለበትን ሒሳብ ያሰላል።

ሰባት ሆኑ። ስምንተኛው ሐኪሙ ነው። እሱ ሰውዬውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ግፊቱ አልወርድ ሲል፣ ሆዱ ሲደርቅ፣ ወይም ቤተሰብ «እንቅልፍ ካጣ ሳምንቱ ነው» ብሎ ይዞት ሲመጣ። የሐኪሙ ጥያቄ ከሁሉም ይለያል። «አሁን ለዚህ ሰው ምን ላድርግለት?» ይላል። ጊዜ የለውም። በር ላይ ሌላ ሰው ቆሟል።

ከስምንቱ የቱ ላይ «እሱን ነው እኔ የምፈልገው» አላችሁ? ያንን አስታውሱት።

ከዋሻው የወጣ መንጋጋ

ወደ ኋላ የሚያዩ ትምህርቶች ላይ ትንሽ ልቆይ። ተማሪዎች እምብዛም አይጠይቁኝም፤ ማስረጃው ግን ደጃችን ነው ያለው።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ገደል ላይ፣ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳውያኑ ተያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ አገኙት። በ1933 ሲቆፈር ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር የሰው የታችኛው መንጋጋ ቁራጭ ወጣ። በ1970ዎቹ ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ተመልሰው በሰፊው ቆፈሩት።

እንግዲህ ይህን መንጋጋ ለሦስት ሰው ስጡ።

አናቶሚ የተማረው ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ጥርሱ የቱ ጋ እንደሚተከል፣ የማኘኪያ ጡንቻው የት እንደሚያያዝ ይነግራችኋል። አናቶሚ ከሁሉም በላይ ማየትን ያስተምራል። ስለዚሁ አጥንት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ጋለን የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ጻፈ። የቀደደው በአብዛኛው እንስሳ ነበር። ከሺህ ዓመት በላይ ማንም አልተቃወመውም። እ.ኤ.አ. በ1200ዎቹ መጀመሪያ ግብፅ በረሃብ ስትመታ አብዱል ለጢፍ አልባግዳዲ የተባለ ሐኪም ሜዳ ላይ የቀረውን ብዙ አፅም ተመለከተ። መንጋጋው አንድ አጥንት ነው። የጋለን ስም ትልቅ ቢሆንም ዓይኑን አመነ። አውሮፓ ውስጥ ይህ ስህተት የታረመው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ቬሳሊየስ በተባለ የአናቶሚ ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1543። ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ልጆቹን የራሳቸውን አገጭ በጣታቸው ተከትለው እንዲዳስሱ አደርጋቸው ነበር። ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ሳይቋረጥ። ሲወለዱ ግን ሁለት ቁራጭ ነበር። የሚገጥመው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ሰው ፓሊዮአንትሮፖሎጂስት፣ የጥንት ሰው ቅሪተ አካል አጥኚ ነው። ይህ መንጋጋ የማን ነው? እንደኛ አገጭ አለው? ከእኛ የሚለየው ምንድን ነው? የእሱ ሥራ ንጽጽር ነው፤ አንዱን አጥንት ከመቶ አጥንት ጋር።

ሦስተኛው አርኪዮሎጂስቱ ነው። እሱ ከአጥንቱ ይልቅ አጥንቱ ዙሪያ ያለውን ይፈልጋል። ፖርክ ኤፒክ ውስጥ 40 ኪሎ የሚጠጋ፣ ለቀለም የሚሆን ቀይ አፈር ተገኝቷል፤ ከ4000 በላይ ቁራጭ፣ ብዙው የተፈጨና የተፋቀ። ዕድሜው ወደ 40 ሺህ ዓመት ይደርሳል። ከቀንድ አውጣ ክዳን የተገኙ፣ ቀዳዳ ያላቸው ዶቃ መሳይ ነገሮችም አሉ። መንጋጋ ምን ይበላ እንደነበር ይናገር ይሆናል። ሰዎቹ እየተፈራረቁ፣ ትውልድ ከትውልድ፣ ቀለም ይፈጩ እንደነበር የሚናገረው ግን አፈሩ ነው። እኔ ራሴ ባዮሎጂ የተማርኩ ሰው ብሆንም ከሁለቱ ይበልጥ የሚገርመኝ ይኼ ነው።

ወላጆች «በዚህ ትምህርት ማን እንጀራ በላ?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ያለ ማስተርስና ፒኤችዲ ብዙ አያራምድም። በረሃ ላይ ወራት ይጠይቃል። አፈር በወንፊት ማበጠር፣ ጥርስ የሚያህል ነገር ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መሄድ ነው። ግን ከዚህ አገር የወጡትን ሰዎች ተመልከቱ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን የሆነችውን፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን ሰላም የተባለች ቅሪተ አካል አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኘው ቡድን መሪ ነው፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በ1994 አርዲ የተባለችውን የጥንት የሰው ዘመድ አፅም የመጀመሪያ ቁራጮች ያገኘ ነው። ዕድሜዋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። ብርሃኔ አስፋው በመካከለኛው አዋሽ ለብዙ ዓመታት የሠራ ነው። ሦስቱም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ «የሰው ዘር ጥናት» የሚል ዲፓርትመንት ሞልተው አልነበረም። ዘረሰናይና ብርሃኔ ጂኦሎጂ ተማሩ። ዮሐንስ ታሪክ ተማረ። አጥንቱ ጋ የደረሱት በተለያየ መንገድ ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ዕድሜ ልካችሁን አይወስነውም የምለው ይህን አይቼ ነው።

በርሜሉን የሚያይ እና ታማሚውን የሚያይ

አሁን ወደ ጤናው እንምጣ። ብዙው ተማሪ የሚያስበው እዚህ ነው። ደግሞም በስህተት የሚመርጠው እዚህ ነው።

ድሬዳዋ ትኩሳትን ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ ገባ። በ2019 ቺኩንጉንያ መጣና ስንቱን መገጣጠሚያው ይዞ አስተኛው። ያኔ ደረጃ መውረድ ያቃተው ጎረቤት ያልነበረው የለም። በ2022 ደግሞ በደረቁ ወቅት ወባ ተነሳ። ወባ በዝናብ ማግስት እንጂ በበጋ ምን አመጣው?

ሐኪሙ፣ ነርሷና የላብራቶሪ ባለሙያው ታማሚውን ያያሉ። ደም ይወሰዳል፣ ማስታገሻ ይሰጣል፣ ፈሳሽ ይተካል። ሰውዬው ድኖ ይሄዳል። ይህ ሕይወት ማዳን ነው።

የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያው ግን የታማሚዎቹን አድራሻ በካርታ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ተነስቶ ቤታቸው ይሄዳል። «በርሜሉ የት ነው?» ይላል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም እናጠራቅማለን፤ በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በሮቶ። ባለሙያው ክዳኑን ከፍቶ በባትሪ ያበራል። ውኃው ላይ ቅንጣት ትል መሳይ ነገሮች እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይጠልቃሉ። የትንኝ እጭ ነው። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤደስ ትንኝ እንዲህ ያለ ውኃ ትወዳለች። ለበጋው ወባም መልሱ በርሜሉ ጋ ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ነው። እሷም ረግረግ ሳትጠብቅ ከተማ ውስጥ፣ ሰው ባጠራቀመው ውኃ ትራባለች። በ2022ቱ የድሬ ወረርሽኝ ላይ የተደረገው ምርምር ያገኘው እሷን ነው።

ሐኪሙ አንድ ሰው አዳነ። በርሜሉን ያስከደነው ስንት ሰው እንዳዳነ ማንም አይቆጥርለትም፤ ያልታመመ ሰው መጥቶ አያመሰግንም። ስለዚህ እጃችሁ ላይ የዳነ ሰው ማየት ካልቻላችሁ የሚከፋችሁ ከሆነ ፐብሊክ ሄልዝ ይከብዳችኋል። «ይህ ነገር ከመነሻው ለምን አይቀርም?» የሚለው የሚያንገበግባችሁ ከሆነ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ያንቃችኋል። በመሃል ለመሆን የሚፈልግ ጤና መኮንንነትን ይመልከት። ይህ ሙያ ጎንደር ላይ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲጀመር ጀምሮ ማከምንም መከላከልንም በአንድ ሰው ላይ ለማገናኘት ነበር የታሰበው።

ነርሲንግንና ሚድዋይፈሪን «ሜዲሲን ሳይሞላላቸው የሚገቡበት» አድርገው የሚያዩ አሉ። ይህ በጣም ያናድደኛል። ሐኪም ታማሚውን ለደቂቃዎች ያየዋል። ነርስ አብራው ታድራለች። አንድ የድሮ ተማሪዬ ኢንተርን ሆኖ ሲሠራ ያጋጠመውን እንዲህ አጫወተኝ። አንዲት አዛውንት መጡ። «ልቤን ያቃጥለኛል» አሉ። እሱ ደነገጠ። ልብ ነዋ! ኢሲጂ ለማንሳት ተሯሯጠ። አጠገቡ የነበረች ነርስ ጎንበስ አለችና «እማማ፣ እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» አለቻቸው። መዳፋቸውን ከደረታቸው በታች፣ ጎድን አጥንቶቹ የሚገናኙበት ጉድጓድ ላይ አሳረፉ። ጨጓራ ነው። በአማርኛችን «ልብ» እዚያም ድረስ ይወርዳል። እኛ በልባችን እናስባለን፣ በሆዳችን እንቀየማለን፣ አንጀታችን ይራራል። ታማሚው ይዞ የሚመጣው አካል በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ያለው አይደለም፤ ቋንቋው የሠራለት ነው። ምርመራው መደረጉ ደግ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ልብን ማጣራት ተገቢ ነው። ግን መንገዱን ያሳየችው የነርሷ ጥያቄ ናት።

በነገራችን ላይ ይህን ሁሉ ራሱን ችሎ የሚያጠና ዘርፍ አለ። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ይባላል። ምች ሲባል ምን ማለት ነው? «ብርድ መታኝ» የሚል ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ማን ጋ ይሄዳል? ለምን ዘገየ? ጤናን ከባህል ጋር አንድ ላይ የሚወድ ተማሪ ስሙን ይያዝ። አብዛኛውን ጊዜ በማስተርስ ደረጃ ነው የሚገኘው።

ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት

ጥያቄውን ካወቃችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ኑሮው ነው። የየትምህርቱን የማክሰኞ ከሰዓት አስቡት። የምርቃቱን ቀን ተዉት።

ሜዲሲን ከስድስት ዓመት አያንስም። አስከሬን ፊት መቆም አለ፤ የፎርማሊን ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። ብዙዎች በሁለት ሳምንት ይለምዱታል። የሌሊት ተረኝነት ግን እየለመዱት እንኳ የሚጎዳ ነገር ነው። በቃል መያዝ የማይወድ ልጅ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ይሰቃያል። በተቃራኒው ደም ማየት የሚያስፈራው ልጅ «እኔ አልችልም» ብሎ ቶሎ ተስፋ አይቁረጥ። እሱ ይለመዳል። የማይስተካከለው ሰው ሲሰቃይ አይቶ ግድ አለመስጠት ነው።

ሳይኮሎጂ የገባ ልጅ ስታቲስቲክስ ያጋጥመዋል። ይህን ማንም አይነግራቸውም። የሰው ስሜት ለመስማት ገብተው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያገኛሉ። ሶሲዮሎጂም እንደዚያው ነው፤ መጠይቅ፣ ኮምፒውተር ላይ ዳታ ማስገባት፣ ብዙ ንባብ። ሒሳብ ጠልታችሁ ብቻ ወደነዚህ አትሽሹ።

አንትሮፖሎጂ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ጽሑፉ ይበዛል። የሰው ቤት መቀመጥ፣ ማዳመጥ፣ ማታ ሁሉንም መጻፍ ነው። ሰው ሲያወራ የሚያቋርጥ ልጅ ይቸገራል። ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ ሰው ሲሞት ወይም ሲዳር አፎቻው (በሐዘንና በሠርግ የሚረዳዳው ማኅበር) እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አይቶ «ይህን ማን አደራጀው?» ብሎ የተደነቀ ልጅ ግን ለዚህ ተፈጥሯል።

ስለ ሥራ እውነቱን ልናገር። ሐኪምም ቢሆን ዛሬ እንደ ድሮው ተመርቆ ወዲያው የሚቀጠርበት ዘመን አይደለም። በሳይኮሎጂ ትምህርት ቤቶች፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችና የሰው ኃይል ክፍሎች አሉ። በሶሲዮሎጂና በአንትሮፖሎጂ ፕሮጀክቶች፣ የባህልና የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች አሉ፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ግን ጠባብ ነው። የትኛውንም ብትማሩ አሁን የመውጫ ፈተና አለ። የጤና ተማሪ በዚያ ላይ የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቀዋል።

አንድ ጥሩ ዕድል አላችሁ። ፍሬሽማን ላይ ጠቅላላ ሳይኮሎጂና አንትሮፖሎጂ ለሁሉም ይሰጣሉ። አብዛኛው ተማሪ «ኮመን ኮርስ ነው» ብሎ ሃንድአውት አንብቦ ያልፋቸዋል። እናንተ እንደ ቅምሻ ውሰዷቸው። የትኛው ክፍል ውስጥ ሰዓት ማየት ረሳችሁ? መምህሩ ከወጣ በኋላ የትኛውን ጉዳይ ከጓደኛችሁ ጋር ተከራከራችሁ? ያ ከጂፒኤ ያላነሰ ምልክት ነው። ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ወደ ማኅበራዊው መሻገር ይችል ይሆናል። ከማኅበራዊው ወደ ሜዲሲን ግን በሩ ዝግ ነው። ስለዚህ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ያላችሁ ልጆች ዛሬውኑ አስቡበት።

እዚሁ አካባቢያችን የሚጠየቅ ሰውም ሞልቷል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ኮሌጅ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይሠራሉ። እዚህ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ምደባው ሌላ ቦታ ሊጥላችሁ ይችላል። ግን ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ፈልጋችሁ ማኪያቶ ጋብዙትና «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራህ?» በሉት። «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል።

ልጅቷን እኔም እንዲህ ብዬ ጠየቅኳት። «ስለ ሰው መማር ስትይ ማን ነው ፊትሽ የሚመጣው?»

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «አያቴ» አለች። አያቷ የስኳር በሽታ ነበረባቸው። መድኃኒቱ እቤት ነበር። ሐኪም ቤቱም ሩቅ አይደለም። ግን እግራቸው ላይ የወጣውን ቁስል ለማንም ሳያሳዩ፣ በሻሽ ጠቅልለው፣ ወራት ቆዩ። «ለምን ደበቁን?» አለች። «ቲቸር፣ እኔ ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው።»

እናቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ። አያትየዋ የእሳቸው እናት ነበሩ።

ቁስሉን ማከም ሜዲሲን ነው። ስኳር እንዴት የእግርን ስሜት እንደሚያደነዝዝ ፊዚዮሎጂ ነው። የደበቁበት ምክንያት ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ይህን ነገርኳትና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩላት። እናቷ ዓይናቸውን ጠርገው «ቡና ላፍላ፣ አስቢበት» አሏትና በገዛ ቤቴ ጀበናዬን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ አንደኛው መስመር ላይ ፐብሊክ ሄልዝ ብላ ጽፋ ነበር።